ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የሚገልጠው፦ የሽንት ፊኛ ካንሰር ደረጃ ለምን ከፍ ብሎ ይገኛል?



በሽንት ፊኛ ካንሰር ሕክምና ሕሙማንን ክፉኛ ከሚያስደነግጡ ዜናዎች አንዱ የሚከተለው ነው። ዕጢው በሽንት ቧንቧ በኩል በገባ መሣሪያ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የፓቶሎጂው ውጤትም ጡንቻ እንዳልነካ ገልጿል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በድጋሚ ሲታይ ግን ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ይገኛል። ቤተሰብ «በዚህ አጭር ጊዜ እንዴት ተስፋፋ?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ አልተስፋፋም፤ ቀድሞም እዚያው ነበረ። ያላየነው እኛ ነን።

አዲስ ከሚገኙት ሕሙማን ሦስት አራተኛ ያህሉ ካንሰራቸው ጡንቻ ያልነካ ነው። ከእነዚህ መካከል አስቸጋሪው ቲ1 የምንለው ሲሆን፣ የውስጡን ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ሕብረ ሕዋስ የገባ፣ ጡንቻ ላይ ግን ያልደረሰ ነው። ከቲ1 እስከ ቲ2 ያለው ርቀት በሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ የሕክምናው ልዩነት ግን ብዙውን ጊዜ ፊኛን በማትረፍና ፊኛን አውጥቶ በመጣል መካከል ነው። ደረጃው ተሳስቶ ቢሲጂ ፊኛው ውስጥ ሲጨመርለት የሚቆይ ሕመምተኛ የሚያጣው ጊዜ አይመለስም።

ስለ አጋላጭ ሁኔታዎች ስንናገር ቀዳሚው ከሕመምተኛው ሳይሆን ከእኛ እጅ የሚመነጭ ነው፤ በመጀመሪያው ናሙና ውስጥ ጡንቻ አለመገኘቱ። በኒው ዮርክ የመሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል ሐኪም ሃሪ ኸር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ናሙናቸው ጡንቻ ካልያዘ የቲ1 ሕሙማን 49 በመቶው በድጋሚው ቀዶ ሕክምና ጡንቻ የወረረ ካንሰር ሲገኝባቸው፣ ጡንቻ ከያዘላቸው ግን 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ቁጥራቸው ይለያይ እንጂ አቅጣጫቸው ይኸው ነው። ፓቶሎጂስቱ ያልተላከለትን ሊያነብ አይችልም። «ጡንቻ አልታየም» የሚለው ሐረግ «ጡንቻ አልተነካም» ተብሎ ሲነበብ ማየት ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌሎቹ ከዕጢው ጠባይ የሚመጡ ናቸው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር መብለጡ፣ ብዛቱ፣ ከፍተኛ ግሬዱ፣ አብሮት ያለ ጠፍጣፋ ካንሰር፣ ወደ ደምና ሊምፍ ሥሮች መግባቱ፣ ማይክሮፓፒላሪ የመሰለ የተለየ ቅርጽ። ትልቅ ዕጢ በቁርጥራጭ ነው የሚወጣው፤ ደሙ ዕይታን ይጋርዳል፣ የኤሌክትሪኩ ሙቀት ናሙናውን ያቃጥላል፣ ቀዳጁም ፊኛውን እንዳይበሳ ፈርቶ እጁን ይሰበስባል። ኩላሊት በሽንት መወጠሩ ከታየ ደግሞ፣ ጡንቻው መነካቱን ከመጀመሪያው መጠርጠር ተገቢ ነው። የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ጥምርታን እንደ ጠቋሚ የሚያቀርቡ አሉ፤ በእኔ ግምት በዚያ ቁጥር ተመርኩዞ ድጋሚውን ቀዶ ሕክምና መሰረዝ አይገባም። (በመካከለኛው አዋሽ ከሚታየው የሽንት ቢልሃርዚያ ጋር የሚያያዘው የስኳመስ ካንሰር ጠባዩ ሌላ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።)

የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ ለቲ1 ድጋሚው ቀዶ ሕክምና ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲደረግ ይመክራል። ከሩቅ አገር ለመጣ ሕመምተኛ ይህ ጊዜ የፓቶሎጂ ውጤት ሲጠበቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሊኖር እንደሚችል ከመጀመሪያው በፊት ይነገረው፤ የዕጢው መሠረትም በሌላ ዕቃ ተለይቶ፣ በላዩ ተጽፎበት ይላክ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።