ልጆቻችን ፋብሪካውን ከመቀጠራቸው በፊት ይዩት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናቀርብላችሁ የተመደበልን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ስለምንሠራው ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ስታገኙን «ስፌት ታስተምራላችሁ አሉ» ትሉናላችሁ። ስፌቱም አለበት። ዋናው ግን ሌላ ነው። አንዲት ልጅ ፋብሪካ በር ላይ ቆማ ስሟን ከማስመዝገቧ በፊት ሥራውን፣ ደመወዙን፣ መብቷንና መንገዱ የት እንደሚያደርሳት እንድታውቅ ነው የምንፈልገው። ከገባች አውቃ ትግባ፤ ከተወችውም አውቃ ትተወው።

ይህን የምንለው በከተማችን በሐዋሳ ያየነውን ይዘን ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩና ከየወረዳው ብዙ ወጣት ሴቶች መጥተዋል። በአንዲት ክፍል ተዳብለው ተከራይተው፣ ሌሊት ተነስተው ሰርቪስ እየጠበቁ ሠርተዋል። ብዙዎቹ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ሄደዋል። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብሩ ቁጥር ተቀይሯል፤ የቤት ኪራዩና እህሉም አብሮ ተቀይሯል። ይህን ሒሳብ ቤቷ ሆና ያላሰበች ልጅ፣ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ እጇ ሲገባ ትደነግጣለች።

ሌላም ያስተማረን ነገር አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አገራችን በአጎዋ ያገኘችው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ሲዘጋ የሥራ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ሠራተኞችም ተበተኑ። ከተበተኑት መካከል ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኖራ ሸሚዝ መስፋት የማትችል ልጅ ነበረች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ላይን ላይ የተሰጣት ሥራ የኮሌታ ጠርዝ መስፋት ብቻ ስለነበር፣ ከፋብሪካው ይዛ የወጣችው ሙያ ያንኑ አንድ ስፌት ነው። ስለዚህ እኛ የምናስተምረው ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው፣ ከፋብሪካም ወደ ራሷ ደጃፍ ይዛው የምትሄደውን ነገር ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ሰዓት ነው። ለልጆቹ እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፦ አንድ ላይን በቀን 600 ሸሚዝ እንዲያወጣ ቢታዘዝ፣ የሥራው ቀን 8 ሰዓት ቢሆን፣ አንዷ ሠራተኛ ለአንዱ ሸሚዝ ስንት ጊዜ አላት? ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ፤ 48 ሴኮንድ ይወጣል። ከዚያ በተርታ እናስቀምጣቸውና ቁርጥራጭ ጨርቅ እንሰጣቸዋለን። አንዷ ታጥፋለች፣ ሁለተኛዋ ትለካለች፣ ሦስተኛዋ ትሰፋለች፣ አራተኛዋ ክር ትቆርጣለች። ሰፊዋ ስትዘገይ ጨርቁ እሷ ጋ ይከመራል፤ ክር ቆራጯ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ልጆቹ መጀመሪያ «ፍጠኚ እንጂ!» ብለው ይጮኹባታል። ቆይተው ግን የአራቱ ሥራ እኩል እንዳልተከፋፈለ ራሳቸው ይደርሱበታል። ይህን ያየች ልጅ ነገ ታርጌት አልደረሰም ተብላ ስትቆጣ፣ ሥራው የት ላይ እንደታነቀ በእርጋታ ማስረዳት ትችላለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውም እዚህ ይገባቸዋል፤ የተበላሸ ስፌት ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ ለመስፋት ከፈጀው በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛው መርፌና ክር ነው። ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለመካከለኛ 14፣ ለጂንስ 16 ቁጥር መርፌ እናስይዛቸዋለን። የላይኛው ክር ሲወጠር የቦቢኑ ክር ወደ ላይ ብቅ እንደሚል፣ ሲላላ ደግሞ የላይኛው ክር ከጨርቁ ሥር እንደሚዘበራረቅ በገዛ እጃቸው እያጠበቁና እያላሉ ያዩታል። «ማሽኑ ተበላሸ» ብሎ መካኒክ መጥራትና ችግሩን አይቶ ማስተካከል ለየቅል ናቸው። መርፌ ሲሰበር ደግሞ የፋብሪካውን ሥርዓት እናስለምዳቸዋለን፦ ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ሳይመለስ አዲስ መርፌ አይሰጥም። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ልብሱ ይፈተሻል፤ ያቺ ቁራጭ የሕፃን ልብስ ውስጥ ልትቀር ትችላለችና።

ሦስተኛው ሰውነትን መጠበቅ ነው። ነጠላና ሻርፕ ይወልቃል፣ ፀጉር ይታሰራል፣ ቀለበትና አምባር ይቀመጣል። ክር ሲገባ ማሽኑ ይጠፋል፣ እግር ከፔዳሉ ይነሳል። ወንበሩ ለቁመቷ ካልተስተካከለ ወገቧ እንደሚጎዳ እንነግራታለን፤ እንዲስተካከልላት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነም ጭምር።

አራተኛው ወረቀት ማንበብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ላልሞላት ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ የሌሊትም ሆነ የትርፍ ሰዓት ሥራ አይፈቅድም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የደመወዝ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብም እናሳያቸዋለን። ለጡረታ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ከ1,000 ብር 70 ብር ሲቀነስባት በስሟ የሚቀመጠው 180 ብር ነው ማለት ነው። ይህን ያላወቀች ልጅ ተዘረፍኩ ብላ ታዝናለች፤ ያወቀች ልጅ ግን ገንዘቡ በርግጥ ገቢ መሆኑን ትጠይቃለች።

እህቶቻችን፣ ፋብሪካ ማለት ማሽን ላይ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ጨርቅ የሚቆርጥ፣ ፓተርን የሚያወጣ፣ ጥራት የሚፈትሽ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዝ፣ ኤሌክትሪክና ማሽን የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ማሽን ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው፣ ያንኑ ማሽን የሚፈታው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ስለዚህ ልጆቹን የማሽኑን ሆድ ከፍተው ዘይት እንዲቀቡ፣ መፍቻ እንዲይዙ እናደርጋለን። ትምህርቷን አቋርጣ ትግባ የሚል ቃል ከእኛ አልወጣም፣ አይወጣምም። ትምህርቷን ገፍታ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የብቃት ምዘና ያለፈች ልጅ ፋብሪካው ውስጥ የምትገባበት በር ሌላ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርኳት?» ይሉናል። ነገሩ የቆየ ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ፣ አባቶቻችን ሲሸምኑና ብረት ሲቀጠቅጡ «ባለእጅ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ለብሰነው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምንሄደው ግን እነሱ የሠሩትን ነው። ንቀቱን ለልጆቻችን አናውርስ። የወላጆች ስጋት ግን ከንቀት የተለየ ነው፤ ስለ ምሽት መንገድ፣ ስለ ኪራይ ቤት፣ ስለ አለቃ ጸባይ የሚነሳው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ለጉብኝት ስንሄድ እናቶችም አብረው ይምጡ የምንለው። እናት አዳራሹን ካየች፣ ልጇ ማታ ደክሟት ስትገባ የምትጠይቃትን ታውቃለች።

አሁን ወደ ልመናችን እንምጣ። ፋብሪካ ሠርታችሁ የምታውቁ አባላት፣ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ለልጆቹ ደጉንም ክፉውንም ሳትሸፍኑ ንገሯቸው። የእናንተ አንድ ሰዓት ከእኛ ብዙ ሳምንት ይበልጣል። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ማሽን ልትሰጡን ስታስቡ መርፌውን፣ ክሩን፣ ቀበቶውንና የጥገናውን ወጪ አብራችሁ አስቡልን። መለዋወጫ የሌለው ማሽን ከአንድ ክረምት በኋላ ጠረጴዛ ነው። ልጆቹ ከሩቅ ሰፈር ስለሚመጡ የታክሲ ሒሳብም ትልቅ ነገር ነው፤ በእሱ ምክንያት የሚቀሩ አሉ።

ስንት ልጆች ፋብሪካ አስገባችሁ ብላችሁ ብቻ አትመዝኑን። ውሏን አንብባ የፈረመች፣ ያልገባትን የጠየቀች፣ ወይም ሒሳቧን ሠርታ «ይህ አይሆነኝም፣ ትምህርቴን እጨርሳለሁ» ያለች ልጅ ሁሉ የሥራችን ፍሬ ናት።