መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞች ስለ እርሻና ስለ ትምህርት መስፋፋት በሰፊው ስላብራሩልን፥ እኔ የመረጥሁት ከሦስት ደቂቃ የማያልፍ ነገር ነው። ይኸውም ቴአትር አልቆ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ፥ ተዋንያኑ ተመልሰው ወጥተው እጅ በሚነሡበት ጊዜ እኛ ተመልካቾች ምን እንደምናደርግ ነው። «ይህስ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንደሚያስፈልገው ያስተማረኝ የገዛ ራሴ ጥፋት ስለ ሆነ ከዚያው ልጀምር።

ባለፈው ዓመት አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ በተማሪዎች ቴአትር ውስጥ የዘበኛ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ጌታዬ፥ መጥተዋል።» ለእነዚህ ሁለት ቃላት ሲል ስድስት ሳምንት ሙሉ ከእራት በኋላ ወደ ልምምድ ይሄድ ነበር፤ አንዳንድ ሌሊትም በእንቅልፍ ልቡ «ጌታዬ፥ መጥተዋል!» እያለ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ከተማ ወዳለው አዳራሽ ሄጄ በሦስተኛው ረድፍ ተቀመጥሁ። ቃሉን ሳይሳሳት ተናገረ፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን መጋረጃው መዘጋት ሲጀምር አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ብድግ አልሁ። እኔ ስነሣ ጎረቤቴ ተነሣ፤ ጎረቤቴ ሲነሣ ረድፉ በሙሉ ተነሣ።

ማታ ጓደኛዬ ሲመለስ «እንዴት አየኸኝ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ልብሱን እየሰቀለ፥ «ኮትህ ከጀርባው ተተርትሯል፤ አሰፋው እንጂ» አለኝ። አውልቄ ባየው እውነቱን ነው። እንግዲህ ለእጅ መንሣት ወጥቶ ቁልቁል ሲመለከት ያገኘው የጓደኛውን ፊት ሳይሆን የኮቱን ስፌት ኖሯል። እርሱ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔ ግን ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መድረክ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው የማይገነዘበው አንድ ነገር አለ። ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ መብራቱ የሚበራው በተዋናዩ ላይ ነው፤ አዳራሹ ጨለማ ነው። እኛ እናየዋለን፥ እርሱ ግን አያየንም። ሳቃችንንና ሳላችንን ይሰማል እንጂ ማን እንደ ሳቀ፥ ማን እንዳለቀሰ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለጨለማ ሲናገር ቆይቶ፥ በመጨረሻ የአዳራሹ መብራት ሲበራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየናል። ስለዚህ እጅ መንሣቱ ለጨዋታው የተጨመረ ትርፍ ነገር አይደለም። ተዋናዩ የተመልካቹን ፊት የሚያገኝበት ብቸኛው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የምናሳየው ወይ ፊታችንን ነው፥ ወይ ጀርባችንን።

ይህን ነገር ከማንም ይልቅ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒውን በቪየና ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ሙዚቃው ባለቀ ጊዜ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቆሞ ስለ ነበር፥ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ አላወቀም። ከዘፋኞቹ አንዷ ካሮሊነ ኡንገር ይዛ ወደ ሕዝቡ እንዳዞረችው፥ ሕዝቡም አለመስማቱን ተረድቶ ባርኔጣውንና መሐረቡን እንዳውለበለበለት ይነገራል። እነዚያ ሰዎች ምስጋና በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዐይንም እንደሚደርስ ያውቁ ነበር።

በእኛ አገር መጋረጃና መድረክ ያለው ቴአትር ገና የመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአራዊትን ተረት በጨዋታ መልክ ጽፈው ለመኳንንቱ ያሳዩት በ1910ዎቹ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽም የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአዳራሹ ልማድ ገና አልጸናብንም ቢባል ነውር የለውም። ነገር ግን ምስጋና ማቅረብን ከፈረንጅ የምንማረው አይደለንም። አዝማሪ ሲዘፍን አድማጩ ድዳ ሆኖ አይቀመጥም፤ ግጥም ያቀብለዋል፥ ከግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። በማዕድ ላይም ቢሆን፥ እንጀራውን በልቶ ምርቃት ሳይሰጥ ወይም ሳይቀበል ዘሎ የሚወጣ እንግዳ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአዳራሽ ውስጥ እኛ ያን እንግዳ ሆነናል።

ደግሞም ሌላ ዕዳ አለብን። አባቶቻችን ዘፈኑን ይወዱ ነበር፥ ዘፋኙን ግን «አዝማሪ» ብለው ይንቁት ነበር። በቴአትራችን መጀመሪያ ዘመን የሴቶችን ቦታ ወንዶች ልብስ ለውጠው የተጫወቱት ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ውርደት ይቈጠር ስለ ነበረ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ዛሬ አንዲት እኅታችን እጅ ልትነሣ ስትወጣ ከኋላ ረድፍ የሚያፏጭባት አይጠፋም። እንዲሁም የከሐዲ ቦታ ተሰጥቶት ደኅና አድርጎ የተጫወተውን ሰው፥ እጅ ሲነሣ «ከሐዲ!» እያሉ የሚሰድቡ አሉ። ወንድሜ ሆይ፥ ከሐዲው መጋረጃው ሲዘጋ ሞቷል፤ አሁን ጎንበስ ያለልህ አብሮህ የሚማረው ልጅ ነው።

አንዳንዱ እንዲህ ይለኛል፤ «ቴአትሩ መጥፎ ቢሆንስ? ያልወደድሁትን እንዴት አጨበጭባለሁ?» ጥያቄው ትክክል ነው። በውሸት ማጨብጨብም ጥፋት ነው። የሮማው ቄሣር ኔሮን ሲዘፍን የሚያጨበጭቡለት ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ጐልማሶች አደራጅቶ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊው ስዊቶኒዩስ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመትም በፓሪስ ቴአትር ቤቶች ገንዘብ እየተከፈላቸው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ጭብጨባ ለተቀባዩም ለሰጪውም ክብር አይሆንም። ስለዚህ ያልወደደ እጁን ይሰብስብ፤ ጀርባውን ግን አይስጥ። ነቀፌታ ያለውም በማግሥቱ በዚሁ ጋዜጣችን ላይ ስሙን ጽፎ ያውጣው።

ሌላው ደግሞ፥ «ሥርዓት ካበዛንበት ደስታው ይጠፋል» ይላል። ይህም እውነት አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዋግነር «ፓርሲፋል» የተባለውን ኦፔራውን በባይሮይት ሲያሳይ፥ በክፍሎቹ መካከል ተዋንያኑን እየጠሩ እጅ እንዳያስነሡ አሳሰበ። ሕዝቡ ነገሩን ከልክ በላይ አጥብቆ ያዘው። በሌላ ቀን ዋግነር ራሱ በዘፋኞቹ ተደስቶ «ብራቮ!» ብሎ ቢጮኽ፥ ሰዎቹ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ «እሽሽ!» ብለው ዝም እንዳሰኙት ይተረካል። እኔ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልጠይቃችሁም። የምጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፥ የመጨረሻው ቃል ከአየር ላይ ሳይወርድ እጃችንን አንቸኩል። ቼኾቭ የጻፈው «ሲጋል» በ1898 እ.ኤ.አ. በሞስኮ አርት ቴአትር ሲታይ፥ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ አዳራሹ ዝም ስላለ ተዋንያኑ ወደቅን ብለው ፈርተው ነበር። ጭብጨባው የፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ዝምታም አንድ ዓይነት መልስ ነው።

ሁለተኛ፥ የመጨረሻው ተዋናይ እጅ ነሥቶ እስኪመለስ ድረስ ከወንበራችን አንነሣ። ትንሽ ቦታ የተሰጣቸው ቀድመው ስለሚወጡ፥ ጭብጨባው ለእነርሱም ይሁን፤ ለመሪው ተዋናይ ብቻ ተቈጥቦ አይቈይ። ቆሞ ማጨብጨብ ደግሞ ልቡ ላስነሣው ሰው ነው፤ ለሁሉ ጊዜ ከቆምን መቆማችን ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛ፥ ጓደኛችንን ስናይ በቅጽል ስሙ አንጣራ። መድረኩ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የቆሙትም ጓደኛ የሌላቸው እንዳይመስሉ እናስብላቸው።

አራተኛ፥ ተንቀሳቃሽ ስልካችንን ከፊታችን ላይ እናውርድ። ፎቶግራፍ ማንሣቱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ተዋናዩ ፊት ሲፈልግ ያገኘው ሁለት መቶ ስልክ ከሆነ፥ በእኔ ኮት ጀርባና በስልኩ ጀርባ መካከል ብዙ ልዩነት አይታየኝም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ፓቫሮቲ በበርሊን ከተማ ኦፔራ ዘፍኖ ሲጨርስ ሕዝቡ 165 ጊዜ መጋረጃ አስከፍቶ እጅ አስነሥቶታል፤ ጭብጨባውም 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ፈጅቷል። አትደንግጡ፤ እኔ የምለምነው ሦስት ደቂቃ ነው። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው በእግሩ መሄድ ይችላል፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፥ መንገዱም አይገድልም።

የፊታችን ቅዳሜ የቴአትር ክበባችን አዲስ ጨዋታ ያሳያል። ያ ጓደኛዬ ዘንድሮ ከዘበኝነት ወደ ጸሐፊነት ከፍ ብሏል፤ የሚናገረውም አሥራ አንድ ቃል ደርሷል። እኔ በዚያው በሦስተኛው ረድፍ እቀመጣለሁ። ኮቴን አሰፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን መሰፋቱን ከመድረክ ላይ ሆኖ እንዳያውቅ ተስፋ አደርጋለሁ።