በሰፈሩ መንገድ ላይ ማን ያቁም?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ የሰፈር ፓርኪንግ ፐርሚት፣ ማለትም የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ ክርክር ዛሬም አላባራም። ከየት መጣ?

ወደ ቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ካውንቲ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ባለው አውሮራ ሃይላንድስ ሰፈር፣ ቢሮ የሚገቡ ሠራተኞች መንገዱን ሞሉት፤ ነዋሪው በደጁ ማቆሚያ አጣ። ካውንቲውም በሥራ ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ እንደ ነዋሪዎችና እንግዶቻቸው ያሉ ፈቃድ ያላቸው ብቻ እንዲያቆሙ ደነገገ።

ሠራተኞቹ ከሰሱ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡ የእኩልነት መብትን ይጥሳል አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ውሳኔውን ሻረው፦ ጫጫታን፣ ቆሻሻንና የአየር ብክለትን መቀነስ፣ ሰው በሕዝብ ትራንስፖርት እንዲጓዝ ማበረታታት ተገቢ ዓላማ ነው፤ ነዋሪንና ነዋሪ ያልሆነን መለየትም በራሱ አድልዎ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሕጉ ተፈቀደ ማለት ግን ሁሉም ተስማማ ማለት አይደለም። ደጋፊዎች «ልጅና አስቤዛ ይዘን ስንመለስ ቦታ ይኑረን» ይላሉ። ተቃዋሚዎች «መንገዱ የተሠራው በሁላችን ግብር ነው» ባይ ናቸው። በተለይ የሚያከራክረው፣ የግቢ ማቆሚያ ያላቸው ባለቤቶች ፐርሚት ሲያገኙ የብዙ ትልልቅ አፓርትመንቶች ተከራዮች አለማግኘታቸው ነው። አርሊንግተን እ.ኤ.አ. በ2017 አዳዲስ ጥያቄዎችን አቁሞ ጉዳዩን ፈተሸ፤ በ2021 ደንቡን አሻሻለ።

ስለዚህ አፓርትመንት ልትከራዩ ከሆነ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው ፐርሚት ይፈቀድለት እንደሆነ ካውንቲውን ጠይቁ።

(መውጫ ሙዚቃ)