ስም የሌለው ቅል

ዛሬ ከቂርያት ማላኪ ስለ ሙዚየም ላወራችሁ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት!

ስለ ቤተ እስራኤል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ምን እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ሰፌድ፣ ጀበና፣ የወለቃ ሸክላ፣ መጨረሻ ላይ የአውሮፕላን ፎቶ። አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ የውሃ ቅል አየሁ። ሥሩ የተጻፈው «ቅል፣ ጎንደር» ብቻ ነው። የማን ቅል? ማን ተሸከመው? ውሃው ለማን ደረሰ፣ ለማንስ ሳይደርስ አለቀ?

አውሮፕላኑ ታሪኩን ዋጠው። በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ ወደ 8,000 ሰው መጣ። በዘመቻ ሰሎሞን፣ ሜይ 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን። በእግር የተሄደው ግን በሁለት መስመር ያልፋል። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኡም ራኩባ ውስጥ ረሃቡም በሽታውም ነበረ፤ ሰዎቻችን አይሁድነታቸውን ደብቀው ስለነበር ልጃቸውን ቀብረው እንኳ እንደ ልባቸው አላለቀሱም።

በሀገር ቤት ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣለታል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ የሟቹ ስም ይጠራል። ሱዳን መንገድ ላይ የቀረው ይህን አላገኘም። በ2007 በኢየሩሳሌም ሄርጸል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆመላቸው፤ በየዓመቱም በኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ይታሰባሉ። «ኢየሩሳሌም» እያሉ ስለሞቱ ቀኑ ይገባቸዋል። ችግሩ፣ ያን ቀን ከተማው በባንዲራ ሰልፍ ይሞላል፣ ለቅሷችን በጭፈራው መሀል ይጠፋል።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉ? ዋሽንግተን ውስጥ በ2016 የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ተከፈተ። ሎኒ በንች በ2005 ዳይሬክተር ሲሆን ሕንፃም ዕቃም አልነበረውም። ከ2008 ጀምሮ ባለሙያዎቹ ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ ሕዝቡ ከየጓዳው ያለውን አውጥቶ አመጣ፣ እነሱም እንዴት እንደሚጠበቅ አሳዩት። የሐሪየት ተብማን የትከሻ ሻልና የመዝሙር መጽሐፍ በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ሐሪየት እኮ በሌሊት፣ በእግር፣ ባሪያዎችን እየመራች ያወጣች ናት። የእኛም መንገድ መሪዎች በሌሊት ነበር የሚሄዱት። የሷ ሻል አጠገብ ስሟ ተጽፏል፤ የኛ ቅል አጠገብ «ጎንደር»።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የነባር ሕዝብ ልጅ አለች። በ1973፣ በስድስት ዓመቷ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን አያቷ የገዙላትን ብርቱካናማ ሸሚዝ ገፈፏት። ከ2013 ጀምሮ ሴፕቴምበር 30 ሰው ብርቱካናማ እየለበሰ ያስባል፤ በ2021 ብሔራዊ ቀን ሆነ። አንዲት ሸሚዝ፣ ግን ባለቤቷ የታወቀች።

ይህን ሳነብ ወላጆቻችን ትዝ አሉኝ። እዚህ ሲደርሱ ስንቱ ልጅ በአንድ ቀን የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው? የጠፋ ዘመድ ስትፈልጉ ያ አዲስ ስም ምንም አይጠቅማችሁም። አብሮ የተጓዘ ሰው የሚያስታውሰው የድሮውን ነው።

ስለዚህ በየማትናሱ ለመታሰቢያው ቀን እናቶቻችንን ጠርቶ ለተማሪ ቡና ማስፈላት ይብቃ። ቡናውን እኛ እናፍላ፣ እነሱ ተቀምጠው ይናገሩ። ታሪኩም አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ አያልቅም። በ2012 እዚሁ ቂርያት ማላኪ፣ ለኢትዮጵያዊ ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም ያሉ ሰዎች መኖራቸው ሲሰማ ስንት ሰው ሰልፍ ወጣ! ያኔ የያዘውን ካርቶን አልጋው ሥር ያስቀመጠ ካለ፣ እሱም ቅርስ ነው። (ይህች ከተማ ራሷ እኮ ስሟን ያገኘችው በሎስ አንጀለስ አይሁድ ምክንያት ነው። የለጋሽ ስም ሲሆን ማስታወስ አያቅተንም።)

ገደራም ያቭኔም ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀመጡ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። በሱዳን አትጀምሩ፤ በመንደሩ ጀምሩ፣ ጎረቤት ማን እንደነበር ጠይቁ። ከማን ጋር ወጣችሁ? ማን ቀረ? የት ተቀበረ? ዝም ካሉ ዝም በሉ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። አማርኛው ቢከብዳችሁ ታላቅ እህት ወይም አክስት ይዛችሁ ሂዱ። ቅል፣ አንቀልባ፣ ዱላ የተረፈው ቤት ካለ ፎቶ አንሱትና የባለቤቱን ስም ከነአባቱ ጻፉ። ዕቃውን ግን፣ ስሙን አብረን እናስቀምጣለን ብሎ በወረቀት ላይ ላልፈረመ ሙዚየም አትስጡ።