ነፍሰ ጡር ሆና ሥራ ስለምትለቅ እናት
(በመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ስለ ወሊድ ነው። ወንዶችም ጆሮ ስጡን፤ የሚስታችሁና የልጃችሁ ነገር ነው።

በመንደራችን ደጋግመን ያየነው አለ። ሴቲቱ ሆዷ ሲገፋ አሠሪዋ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለሽ ፈርሚ» ይላታል። ተሸማቃ ትፈርማለች። በዚያች ፊርማ ደመወዟም፣ የወሊድ ፈቃዷም፣ ድርጅቱ የሚያሳክማት ከሆነ ሕክምናዋም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ሕጉን እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል፤ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ፣ በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለ በቀር። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣታል። «ለቅቄአለሁ» ብላ ከፈረመች ግን መከራከሪያዋን በገዛ እጇ አዳከመች ማለት ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው ሳታስነብብ አትፈርም።

የግድ የምትለቅስ? አትደንግጥ። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ሥራ አላት የላትም አይባልም። በየቤታችን ያሉት የቤት ሠራተኞች በአዋጁ አልተካተቱምና ይህንኑ እንንገራቸው፤ ለክትትል የሚሄዱበትንም ቀን አንከልክላቸው።

ወሊዱ በሰላም ቢያልፍም የእናቲቱም የሕፃኑም ሕመም ሊከተል ይችላል። ለዚህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ አዲስ አበባም ደርሷል። የወር ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ የቆመ ነው። ከሥራ የወጣች እናት፣ ባሏም በቀን ሥራ የሚተዳደር ከሆነ፣ ከነቤተሰቧ ትመዘገባለች። መዋጮው በዓመት ነው፤ ምንም ለሌለው ደግሞ መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ። ምዝገባው ግን በተወሰነ ወቅት ስለሆነ ምጥ ሲመጣ መሮጥ አያዋጣም። ወረዳችን ሄዳችሁ ጊዜውን ካሁኑ ጠይቁ።

ደግሞም ከዚህ ከተራራው በሌሊት መውረድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቁታላችሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ቀን ሳለ ሩጥ ይባል የለ? ለነፍሰ ጡሮቻችን ሁሉ በሰላም መገላገልን እየተመኘን ንግግራችንን በዚሁ እናበቃለን።