ቁጥር፣ ዝናብና እህል
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሒሳብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፈተናን ነው። እኔ ግን ዛሬ ሒሳብ ለዝናብ፣ ለእህልና ለሰው ሕይወት ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከቅርባችን እንጀምር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ ስሙ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርታችን ውስጥ ባሕረ ሐሳብ የሚባል የቁጥር ሙያ አለ። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. በዓላትን ለማውጣት 5500 ላይ 2017 ይደመርና 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። ኮምፒዩተርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ትእዛዙ ደረጃ በደረጃ ይሰጠዋል፤ እርሱም አንዱንም ሳይዘል ይፈጽመዋል። ብልጫው አለመሰልቸቱና ፍጥነቱ ነው።

ጨረቃ በ19 ዓመት ዞራ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። የወሎ በልግ ግን እንዲህ ያለ ቀጠሮ የለውም፤ አንድ ዓመት ይዘንባል፤ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ እርግጥ ያልሆነውን ነገር የሚመዝን ሌላ ሒሳብ አስፈለገ። ይህም ስታቲስቲክስ ይባላል።

እናቶቻችን ወጡ ጨው እንዳለው ለማወቅ ድስቱን በሙሉ አይጠጡም፤ አማስለው በጭልፋ ጫፍ ይቀምሳሉ። ሳያማስሉ ከላይ ቢቀምሱ ግን ይሳሳታሉ። በህንድ አገር ማሃላኖቢስ የተባለው ሊቅ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1931 የህንድን የስታቲስቲክስ ተቋም መሥርቶ፣ የቤንጋልን አዝመራ በዚሁ ዘዴ ለክቷል። ማሳዎች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ከማሳው ጥቂት ቦታ ታጭዶ ይመዘናል። ለምሳሌ በአራት ሜትር በአራት ሜትር፣ ማለት በ16 ካሬ ሜትር ላይ፣ 2.4 ኪሎ ጤፍ ቢገኝ፣ አንድ ሄክታር የዚህ 625 እጅ ስለሆነ ምርቱ 15 ኩንታል ነው ማለት ነው። አንድ ማሳ ግን አይበቃም። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ የማሳዎቹን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በአገራችንም የእርሻ ምርት የሚገመተው በናሙና ነው።

ሆኖም ቁጥር በጥንቃቄ ካልተነበበ ያታልላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እጅግ እንዳልወረደ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ እንዳልተወደደ ጽፏል። የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱ በርካሽ ተሸጦ፣ እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የአገሪቱን አማካይና የገበያውን ዋጋ ብቻ የተመለከተ ሰው «ረሃብ የለም» ለማለት ይችል ነበር። ስለዚህ ቁጥር ቆጣሪ አስቀድሞ «የማንን ቤት ነው የቆጠርሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

እጥረቱ ከታወቀ በኋላ ያለውን እህል ማከፋፈል ይመጣል። እንበልና በደሴ መጋዘን 60፣ በወልድያ 40 ኩንታል አለ፤ ሐይቅ 50፣ ውጫሌም 50 ኩንታል ይሻሉ። የአንድ ኩንታል ማጓጓዣ ከደሴ ሐይቅ 30 ብር፣ ከደሴ ውጫሌ 60፣ ከወልድያ ውጫሌ 50፣ ከወልድያ ሐይቅ 90 ይሁን። የወልድያው 40 ኩንታል ወደ ሐይቅ ቢላክና የቀረው ከደሴ ቢሟላ ወጪው 6,900 ብር ነው። የሐይቁ 50 በሙሉ ከደሴ መጥቶ፣ ውጫሌ ከወልድያ 40 ከደሴ 10 ቢቀበል ግን 4,100 ብር ይበቃል። እህሉ ያው ነው፤ 2,800 ብር ግን ተረፈ። መጋዘኑና መንደሩ በመቶ ሲቆጠር ይህን በልብ ማስላት አይቻልም። ካንቶሮቪች በ1939፣ ዳንትዚግ በ1947፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ከሚቻለው ሁሉ የተሻለውን መምረጫ ዘዴ ያወጡት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።

የመጨረሻው እየተማሩ መምራት ነው። አውሮፕላን ፍጥነቱና ከፍታው ሲለወጥ ጠባዩም ይለወጣል። ስለዚህ በ1950ዎቹ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች በበረራ ላይ ሳለ ራሱን የሚያርም መሪ መሣሪያ መፈለግ ጀመሩ። ገበሬያችን ግን አሳቡን ቀድሞ ያውቀዋል። በሚያዝያ ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ ከቀረ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። ያያል፤ ያርማል፤ እንደገና ያያል።

ይህ የማረም ልማድ ከጎደለ መለካት ብቻውን አያድንም። ከፊተኛው ረሃብ በኋላ በአገራችን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተቋቁሞ ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለዓለም አስጠንቅቋል። ሆኖም በቂ እርዳታ በጊዜው ስላልደረሰ፣ በ1977 ዓ.ም. ብዙ ወገኖቻችን አለቁ። ቁጥሩ ነበረ፤ እጁ ግን ዘገየ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ሒሳብ ስትማሩ ይህን አስቡ። የዝናብ መለኪያ አቁማችሁ በየቀኑ ጻፉ፤ ያልዘነበበትንም ቀን «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት። ለአለቃ ደስ እንዲል ቁጥር አትጨምሩ፤ እንዳይቆጣም አትቀንሱ። ወላጆችም ልጃችሁ ስለ አዝመራችሁ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት። በትክክል የተጻፈ አንድ ቁጥር በጊዜው ከተነበበና ከተሠራበት፣ የአንድ መንደር እህል ሊሆን ይችላልና።