ኃይል ከመጨመር በፊት

(ስለ አገልግሎት ሞተር ብስክሌት ማሻሻያ አመራረጥ በደወሌ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ለጉባኤ የሚበቃ አይመስልም፤ ስለ ሞተር ብስክሌት ነውና። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የቀረበልን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለአገልግሎት የምንጠቀምበት ባለ 125 ሞተር ደክሟል። ምእመናን ያዋጡት ጥቂት ገንዘብ በእጃችን አለ። በዚህ ገንዘብ ሲሊንደሩን ወደ 150 እናሳድገውን? ጭሱን በነጻ የሚያስወጣ ማርሚታ እናስገጥምለትን? ወይስ ሌላ ነገር እናድርግ?» ገንዘቡ ለአንዱ እንጂ ለሁሉ አይበቃም። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያስብ የተነገረውን ትምህርት ጽፎልናል። እኛም ተቀምጠን እናስብ።

በመጀመሪያ እኛው ራሳችን ያጠፋነውን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ የተሰጠን ሞተር ብስክሌት ኃይል አነሰው። ወደ አንድ ጋራዥ ወስደን «ኃይል ጨምሩልን» አልን። ባለሙያው የታዘዘውን ፈጸመ፤ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቶ ክፍት ፊልትሮ ገጠመ፤ ማርሚታውንም ለወጠ። ሞተሩ ጮኸ፤ እኛም ድምፁን ኃይል አድርገን ቆጠርነው። በሦስተኛው ወር ዘይት ይበላ፣ ሰማያዊ ጭስም ያወጣ ጀመር። አንድ ቀን የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ይዘን ስንሄድ ከአይሻ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ቆመ። በዚያ ያገኘን አንድ አረጋዊ አርብቶ አደር ከገዛ ጄሪካናቸው ውኃ ቀድተው አጠጡን። ለእርሳቸው ቀበሌ ውኃ እናደርሳለን ብለን የወጣን እኛ፣ ከእርሳቸው ውኃ ለምነን ጠጣን። ፓምፑም በዚያ ቀን አልተጠገነም።

ሞተሩ ሲፈታ ሲሊንደሩ በአቧራ ተፍቆ፣ የፒስተኑ ፋሻ ተበልቶ ተገኘ። የሚያሳፍረው ግን ሌላው ነው። በመጀመሪያ ኃይል የነሡት ነገሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የተደፈነ ፊልትሮና ሳይለቅ የሚይዝ የኋላ ፍሬን። ፊልትሮውን አጥቦ ፍሬኑን ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እኛ ግን ያልጎደለውን ስንጨምርለት የነበረውን አጠፋንበት።

ከዚህ የተማርነውን በአራት ደረጃ እናቀርባለን።

አንደኛ፦ የነበረውን መመለስ። ማንኛውም ማሻሻያ ከመገዛቱ በፊት ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ኃይል ማግኘቱ ይረጋገጥ። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጅ ማዞር ነው፤ ተይዞ ከቆመ ፍሬኑ ወይም ኩሽኔታው ኃይሉን እየበላው ነው። ካቴናው ከመጠን በላይ ጠብቆ ወይም ደርቆ እንደ ሆነ፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ እንደ ሆነ፣ ካንዴላው አርጅቶ እንደ ሆነ ይታይ። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያም ለፊልትሮ የሚሆን ዘይት ይቀባ፤ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነውና። በዚህ ሜዳ ፊልትሮን ከእያንዳንዱ የገጠር ጉዞ በኋላ ማየት ግድ ነው። ከዚህ ደረጃ አልፎ ሌላ ማሻሻያ የማያስፈልገው ሞተር ብዙ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ቦታችን አንድ ነገር እንጨምር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተርም በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ፣ ጅጅጋ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው፤ ደወሌ ግን ከ1000 ሜትር በታች ናት። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ደወሌ የወረደ ሞተር ያለ አንዳች ወጪ የተሻለ ኃይል ማግኘት ይገባዋል፤ ቆላው ራሱ ሰጥቶታል። ነገር ግን ካርቡራተሩ ለደጋ ተስተካክሎ ከሆነ፣ እዚህ በወፍራሙ አየር ውስጥ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። በአንጻሩ ከጅቡቲ ወደብ መጥቶ ወደ ጅጅጋ የወጣ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥላሸት ያበጃል። ማስተካከያው ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ ያላትን የናስ ቡሎን በልኳ መለወጥ ነው፤ ዋጋዋ ከሲሊንደር ጋር አይነጻጸርም። ምልክቱንም ከካንዴላው ማንበብ ይቻላል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው።

ሁለተኛ፦ ነፍስን መጠበቅ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬኑ ያልተስተካከለለትን ሞተር ማፍጠን ማሻሻል ሊባል አይችልም። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አስፋልት ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱበት ነው፤ ከአስፋልቱ ሲወጡ ደግሞ አሸዋ፣ ጠጠርና ደረቅ ወንዝ ይቀበላል። ለሁለቱም የሚሆን፣ መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ ይመረጥ። ጥርሱ እጅግ የጎላ ጎማ በአሸዋ ይረዳል፤ በአስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም አጥብቆ አይነክስም። ወፈር ያለ ከመነዳሪ፣ የእጅ ፓምፕና መለጠፊያ አይቅሩ። የጎማ አየር የሚለካው ጧት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

አባቶቻችን በተለይ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ቀሚስና ነጠላ ከካቴና ጋር አይስማሙም፤ ጫፉ አንዴ ከተያዘ ነጂውን ይዞ ይወድቃል። ለእርሻ ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በመሸፈኛ የተዘጋ ነው። ሠሪዎቹ ለሥራ ሞተር ካቴናን ከጭቃና ከአቧራ መጠበቅ እንደሚበልጥ ዐውቀው ነው። እኛም ካቴናው ገላጣ ለሆነ ሞተር መሸፈኛ ማሠራት እንችላለን፤ ይህ ነጂውንም ካቴናውንም ይጠብቃል። ጥምጥሙም በቦርሳ ይሁን፤ በራስ ላይ የራስ ቁሩ ይቀመጥ። ጥምጥም ክብር ነው፤ ነገር ግን ከድንጋይ አያድንም።

ሦስተኛ፦ ኃይሉን ለሥራው መመጠን። ብዙ ጊዜ «ኃይል አነሰው» የምንለው ሞተር ኃይሉ ለሌላ ሥራ የተመጠነ ሆኖ ነው። ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለት ጥርሳማ ብረቶች አሉ፤ ትንሹ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ። ለምሳሌ ያህል የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ጥርስ ቢኖራቸው የፊቱ 3 ጊዜ ሲዞር የኋላው አንድ ጊዜ ይዞራል። የፊቱን በባለ 14 ብንለውጥ ስሌቱ 3.2 ገደማ ይሆናል፤ ጎማው የሚያገኘው ጉልበት በመቶ 7 ያህል ይጨምራል። ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በ80 ይሄድ የነበረው በዚያው የሞተር ዙር በ75 ገደማ ይሄዳል። ጭነት ይዞ በአሸዋና በዳገት ለሚሄድ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአስፋልት ለሚሄድ ግን ሞተሩን ያደክምበታል። የሚበጀውም አሮጌውን ጥርሳማ ብረት አለመጣል ነው፤ ካልተስማማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ከዚህ ጋር ጭነቱም ይታሰብ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ከፍ ብሎ ከኋላ ጫፍ ላይ ሲታሰር የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪውም አይታዘዝም። ጠንካራ ፖርቶመጋላ፣ ጭነቱን ዝቅና ወደ ፊት ጠጋ አድርጎ ማሰር፣ የኋላውን ሞላ በክብደቱ መጠን ማጥበቅ፣ ሞላው የደከመ ከሆነም መለወጥ፤ እነዚህ ከሲሊንደር ማሳደግ ይልቅ ጉዞውን ያፈጥናሉ። በጉድጓድ ላይ ሳይወላወል የሚሄድ ደካማ ሞተር፣ እየዘለለ ከሚሄድ ብርቱ ሞተር ቀድሞ ይደርሳልና።

አራተኛ፦ የሞተሩን ኃይል መጨመር። ይህን መጨረሻ ያደረግነው ስለ ጠላነው አይደለም፤ ዋጋው ስለሚከብድ ነው። ሲሊንደሩና ፒስተኑ ሲያድጉ ሙቀቱ ያድጋል፤ ፍሪሲዮኑና የውስጥ ብረቶቹ ግን ለ125 የተሠሩት እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ቤንዚን ፍጆታው ይጨምራል፤ ቤንዚን ማደያ በሌለበት ገጠር ደግሞ ይህ ርቀትን ይቀንሳል። በሊብሬው ላይ ከተጻፈውም ጋር አይስማማም፤ አደጋ ቢደርስ ጥያቄ ያስነሣል። ማርሚታን በተመለከተ፣ እንደ ዲቲ 125 ባሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የጭስ መውጫው ቅርጽ ራሱ የሞተሩ አካል ነው፤ መጠኑ ተሰልቶ የተሠራ ነውና መቁረጥ ወይም መብሳት ኃይልን ይቀንሳል። እንደ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ባሉ ባለ አራት ምቶች የሚገኘው ጭማሪ ጥቂት፣ ጩኸቱ ግን ብዙ ነው። ግመሎች በሚጠጡበት የውኃ ነጥብ እየጮኹ መድረስ መንጋን ይበትናል፤ ያስተናገደንን ሕዝብም ያስቀይማል።

ክቡራን አባቶች፤ ይህች የደወሌ መንገድ ከእኛ በፊት ስለ ኃይልና ስለ ጥገና ያስተማረች ናት። የቀድሞው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በዚህ በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በዚያ የተመሠረተችው ከተማ የባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ የሚገኝባት ሆነች። ያ ባቡር ለረጅም ዘመን የሄደው በሎኮሞቲቭ ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ የሚፈታ፣ የሚያጥብ፣ የሚቀባ እጅ በመንገዱ መካከል ስለ ተቀመጠለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ያለ ጥገና አይሄድም። ሞተር ብስክሌታችን ትንሽ ብትሆንም ሕጉ አንድ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ማሻሻያ ለሰበካ ጉባኤው ሲቀርብ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ ዘንድ እናሳስባለን። የትኛውን ሥራ ያቃልላል? ቢሰበር እዚህ፣ በደወሌ ወይም በድሬዳዋ፣ መለዋወጫውና ባለሙያው ይገኛልን? ካልተስማማስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላልን? ለሦስቱም መልስ የሌለው ማሻሻያ ገንዘብ አይውጣበት።

ለቀረበልን ጥያቄ የምንሰጠው ምክርም ይህ ነው። ሲሊንደሩ ይቆይ። በዚያ ገንዘብ በመጀመሪያ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ይገዛ፤ ካርቡራተሩ ለቆላው ይስተካከል። ቀጥሎ ጎማ፣ የካቴና መሸፈኛና የራስ ቁር ይሟላ። ከዚህ ከተረፈ አዲስ ካቴና ከነጥርሳማ ብረቶቹ ይለወጥ፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ፈጥኖ ይበላልና። አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ አንድ መዝገብም ይከፈት። በመዝገቡ የተቀዳው ቤንዚን፣ የተሄደው ኪሎ ሜትርና ፊልትሮው የታጠበበት ቀን ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን ይዘን ዳግመኛ እንቀመጥ፤ ያን ጊዜ ኃይል ጎድሎት እንደ ሆነ መዝገቡ ይነግረናል።

ያ ገንዘብ ከማን እንደ ተሰበሰበ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ከባቡርና ከጉምሩክ ሠራተኛው፣ ከሾፌሩ፣ ሻይ ሸጣ ከምታድር እናት ነው። በሜዳ ላይ ፓምፑን የሚጠብቁት ደግሞ አብዛኞቹ የእኛን ሃይማኖት የማይከተሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ያ አረጋዊ ውኃ ሲያጠጡን ሃይማኖታችንን አልጠየቁንም። ለሰጪዋም ለጠባቂውም የምንመልሰው ወሮታ በሰዓቱ የሚደርስና ነጂውን በሰላም ወደ ቤቱ የሚመልስ ሞተር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።